ወተት የመሰለው መድኃኒት

ዐረብ አገር፣ አል አዳማ የሚባል ሰፈር ውስጥ መኪና ሳጥብ ተያዝኩ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አልነበረኝም፤ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ደማም ውስጥ ወዳለ አንድ ማቆያ ወስደው ወደ ክፍሉ ሲያስገቡኝ፣ ሰዎቹን ከማየቴ በፊት ሲያክኩ ሰማኋቸው። ጆንያ በድንጋይ ላይ የሚጎተት ይመስላል። ሁሉንም እከክ ይዟቸዋል። ብዙም ሳልቆይ እኔም ማከክ ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት ወታደሩ በብረቱ በር ቀዳዳ የወረቀት ኩባያዎች አቀበለን። ውስጣቸው ወተት የመሰለ ፈሳሽ አለ። በዐረብኛ "ለገላ ነው" አለ። በሩ አጠገብ ያለነው ሰማን። ጥግ የተኛው የወሎ ልጅ ግን አልሰማም። ጨጓራው እያቃጠለው ሐኪም ሲለምን ነው የከረመው። ኩባያው እጁ ሲገባ "ቢስሚላህ" ብሎ ጨለጠው።

እኛ ክንዳችንን እየቀባን ነበር።

"አንተ፣ ያንተስ የታለ?"

"ጠጣሁታ። የጨጓራ አይደል?"

"የእከክ ነው እንጂ። ጨጓራህንም ያሳክክሃል እንዴ?"

ሳቅን። እሱም ሳቀ። "አብሽሩ፣ ምንም አይለኝም" አለ። ትንሽ ቆይቶ ጉሮሮዬ ተቃጠለ አለ፤ አስመለሰው፤ ከዚያ መንጋጋው ገጥሞ መላ አካሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

በሩን ደበደብን። ቀዳዳው ተከፈተ። "ማፊ ሙሽኪላ" አለ ወታደሩ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። መልሶ ዘጋው።

በሩ የተከፈተው ወደ አገሩ የሚሳፈር ሰው ሊጠሩ ሲመጡ ነው። ተራው የአንድ የጅማ በያጅ ነበር። እናቱ አልጋ ይዛለች፤ በሕይወት ልድረስባት እያለ ወራት የጠበቀ ሰው ነው። ፌስታሉን አንጠልጥሎ ሄደ፤ የበሩ ደፍ ላይ ሲደርስ ግን ቁጭ አለ። ግማሽ አካሉ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። በሩ ሊዘጋ አይችልም።

"ያላ፣ ተነስ፣ አውሮፕላኑ ያመልጥሃል" አለው ወታደሩ።

"መጀመሪያ እሱ ይውጣ" አለ፣ ጥጉን እያሳየ።

"ሌላ ሰው ይሄዳል። ኸላስ፣ አለቀ።"

"ይሂድ።"

ብብቱን ይዘው ጎተቱት። አልተሳደበም፤ አልታገለም። የበሩን ብረት ብቻ አልለቅም አለ። ያን ሁሉ ሰው የያዘ ክፍል ውስጥ ማከኩ እንኳ ቆመ። በመጨረሻ አንድ አለቃ መጣ፤ በበያጁ ትከሻ ላይ አሻግሮ የታመመውን አየና ቃሬዛ አስመጣ። ቃሬዛው እንዲያልፍ በያጁ እግሩን ሰበሰበ።

በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ተጠርቶ ሄደ። በያጁ ተመልሶ ፌስታሉን ተንተርሶ ጋደም አለ።

"የእናትህስ ነገር?" አልኩት።

"ይህን ልጅ ጥዬ ብሄድ በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ?"

የወሎው ልጅ ከቀናት በኋላ ከስቶ ተመለሰ። የሆነውን ነገርነው። በያጁ ተኝቶ ነበር። አልቀሰቀሰውም፤ እራስጌው ተቀምጦ፣ ዝንቡን በእጁ እሽ እያለለት፣ እስኪነቃ ጠበቀው።

በያጁ እናቱን በሕይወት ደርሶባት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ቀድሜው ተጠራሁ። ስወጣ ያን ደፍ መርገጥ አልሆነልኝም፤ ተራምጄ አለፍኩት። ዛሬ አገሬ ላይ ሆኜ ግጥም ስጽፍ፣ ስንኙ ትልቅ ሰው ሲፈልግ የሚመጣልኝ ያ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።