በሩ ተዘግቶ የተናገርኩት እውነት

ጌታ ይባረክ! ቅዱሳን፣ ሰው እዚህ ቆሞ የሚመሰክረው ድኖ ሲጨርስ ነው። እኔ ገና ሁለት ዙር መድኃኒት ይቀረኛል፤ ሻሼን ብፈታ ጸጉር የለኝም። ቢሆንም ዛሬ መመስከር እፈልጋለሁ። እስክጨርስ ብጠብቅ መካከላችን ያለች አንዲት እህት ትዘገይ ይሆናል።

አስቴር እባላለሁ፤ እዚህ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ባለ የአበሻ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ወደዚህ ጉባኤ መጀመሪያ የመጣሁት ጌታን ፈልጌ አይደለም፤ አማርኛ ለመስማት ነው። እንግሊዝኛውም ስዋሂሊውም ከገበያ አያልፍልኝም። ሐኪም ቤት ስሄድ የሚያስተረጉሙልኝ እነሆ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ጋሽ ደምሴ ናቸው። የማናችንን በሽታ ነው የማያውቁት?

ታዲያ ጡቴ ላይ እብጠት ወጣ። ሐኪሙ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ሲል ጋሼ በአማርኛ ነገሩኝ። አባቴን የሚያህሉ ሰው ፊት ጡቴን እንዴት ብዬ ልጥራ? «ራሴን» አልኩ። የራስ ምታት ክኒን ይዤ ተመለስኩ። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ! ይባስ ብዬ እዚሁ ለጸሎት ወጣሁ፤ ሽማግሌዎች ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። ራሴ እኮ ምንም አልሆነም! እብጠቱ ግን ያድጋል።

አብራኝ የምትሠራው ሰላም እዚሁ ናይሮቢ ያደገች ልጅ ናት። ድስት ከመደርደሪያ ላወርድ ስል ክንዴ አልነሳ ሲለኝ አየች። «አንቲ፣ ይሄ ሳዋ አይደለም፤ ደህና ነገር አይደለም። በቪዲዮ የምታክም ዶክተር አለች፤ አዲስ አበባ ሆና በአማርኛ ነው የምታወራሽ» አለችኝ። ቀጠሮ ያዘችልኝ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ስልኳን ሰጥታኝ ወጣች።

ዕቃ ቤት ገብቼ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ዶክተሯ ሰላምታ እንደጨረሰች ምን ብላ እንደጠየቀችኝ ታውቃላችሁ? «ብቻዎን ነዎት? በሩ ተዘግቷል?» እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አለቀስኩ፤ ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። «ይህ በስልክ የሚያልቅ አይደለም፤ ነገውኑ ሆስፒታል ይሂዱ» አለችና በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጽፋ ላከችልኝ።

ስልኩ ሲዘጋ እዚያው ተንበረከክሁ። ለካ ጌታንም በአስተርጓሚ ነበር የማናግረው! «ጌታ ሆይ፣ ራሴን አይደለም፤ ጡቴን ነው። ፈርቻለሁ» አልኩት። ቅዱሳን፣ የመጀመሪያዋ እውነተኛ ጸሎቴ ያቺ ናት። ልቤን የሰጠሁትም ያኔ ነው። ሃሌሉያ!

በማግስቱ ደብዳቤውን ይዤ ሄድኩ፤ ተመረመርኩ። ካንሰር ነው። የአዲስ አበባዋ ዶክተር ውጤቱን በስልክ ልኬላት አይታ «ዘግይተዋል፤ ግን አልመሸብዎትም» አለችኝ። ቀዶ ጥገናው ተደረገልኝ። እዚህ የሚያክሙኝ ሐኪሞች እጅ ላይ ነኝ፤ ያልገባኝን ደግሞ እሷን በስልክ እጠይቃለሁ። የቀሩትን ሁለት ዙሮችም እጨርሳቸዋለሁ፤ አንድ ቀን አላጎድልም። እዚህ ያደረሰኝ ጌታ የታመነ ነው!

ጋሼ፣ በጉባኤው ፊት ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ያልኩትን በትክክል አስተርጉመዋል፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

እህቶቼ፣ የደበቃችሁት ካለ ለጌታ ስሙን ጠርታችሁ ንገሩት፤ ጌታን ታመኑት። ከዚያ ለሐኪም ንገሩ። ጋሽ ደምሴ ይህን ሁሉ ስነግራቸው አልቅሰው፣ ከአዳራሹ ጀርባ ያለችውን ክፍል ቁልፍ ሰጥተውኛል። ዶክተሯን የምታናግሩበት ስልክ አለ፣ ወንበር አለ። እኔ ውጭ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ማንም አይገባባችሁም።