ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ያነሣሁት ስልክ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። እሳቸው በየወሩ ብቅ እያሉ ቤቱን ጸበል ይረጩልናል፣ በሶ በማር ይቀምሳሉ፣ ከዚያም "የከበደሽ ነገር አለ ወይ?" ብለው ይጠይቁኛል። እኔም ስለ ጉልበቴ ሕመም አወራላቸዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ጉልበቴ ሰምተዋል፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ሰልችቷቸውም አያውቅ። ዛሬ ለማታውቁኝ ለእናንተ የምናገረው ደፍሬ አይደለም። የቀረኝ ጊዜ ከሳምንት ስለማይበልጥ ነው፤ ምክንያቱን ስደርስበት ታዩታላችሁ።

አንድ ስልክ አንሥቻለሁ። ከዚያ አላነሣሁም ብያለሁ። በደሌ ይኸው ነው። ሲጽፉት እንዴት ያንሳል?

ስሜ አስካለ ነው። ከአንኮበር ዝቅ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከባለቤቴ ጋር የእንግዳ ማረፊያ አለን። አምስት ጎጆ፣ የገብስ ማሳ፣ በጎችና የንብ ቀፎ። እንግዳው ከፈለገ ላም ያልባል፤ ካልፈለገ ተኝቶ ጭጋጉ ከቆላ ሲወጣ ያያል። ከድንጋይ የሠራናት የእንፋሎት ቤትም አለችን። ድንጋይ አግለን፣ ጦስኝና የባሕር ዛፍ ቅጠል ጨምረን ውኃ እናፈስበታለን፤ ከእንፋሎቱ ሲወጡ እኔ ራሴ በለጋ ቅቤ አሻቸዋለሁ። የአዲስ አበባ ሰዎች ስፓ ይሉታል። እናቴ የታወቀች ወጌሻ ነበረች፤ ሥራዋ ስፓ መሆኑን ሳታውቅ ሞተች።

እንግዳ ሲገባ ስልኩን ተቀብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ እቆልፋለሁ። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እንግዶቹም በጣም ይወዱታል። "ለአስቸኳይ ነገር የኔ ስልክ አለ፤ ቁጥሬን ለቤተሰብ ላኩ" እላቸዋለሁ። እንግዲህ አስቡት። እዚያ ግቢ ውስጥ ያረፈ ሰው ሁሉ ከውጭ የሚመጣበትን ነገር የሚሰማው በኔ ጆሮ ነበር። ያንን አደራ የሰጠኝ ማንም የለም፤ ለራሴ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ትዕግሥት የምትባል ሴት ብቻዋን መጣች። ሠላሳዎቹን የጀመረች፣ ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ትከሻዋ እንደ ድንጋይ የደረቀ ሴት። ከደብረ ብርሃን የገዛችውን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ታቅፋ ነው ከመኪና የወረደችው። ስልኳን ከማስረከቧ በፊት እፊቴ ቆማ ከነቁጥሬ አንድ መልእክት ጻፈች፤ አጠፋችው፤ እንደገና ጻፈችው፤ ላከችው።

ስትታሽ ነገረችኝ። ሰው ጀርባው ሲላላ ምላሱም ይላላል። መልእክቱም ብርድ ልብሱም ለአባቷ ነው። ጋሽ ተሾመ ይባላሉ፤ ድሮ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፣ አሁን ደብረ ሲና ቤታቸው ተቀምጠዋል። እናቷ ሞታ ዓመት እንደሞላት ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ ሴት አገቡ። ትዕግሥትም በዚህ ተቀይማ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳታናግራቸው ቆየች። አሁን ግን ደክሟታል። ሁለት ቀን እኛ ጋ አርፋ፣ ልቧ ሲረጋ፣ እሁድ ወርዳ ጉልበታቸው ላይ ወድቃ ይቅርታ ልትጠይቅ ነው። እኔም ጎበዝ አልኳት። "ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው" ብዬ ተረትኩላት። አዎ፣ ይህን ያልኳት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ወጥ ቤት ነበርኩ፤ አጠገቤ ጌጤ ሽንኩርት ትከትፋለች። ጌጤ ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ የነበረች ናት፤ ያኔ እኛ ጋ ከተቀጠረች ገና አምስት ወሯ ነበር። ስልኩን አነሣሁት። ትንፋሽ ያጠራት የአሮጊት ድምፅ ነው።

"የትዕግሥት ማረፊያ ነው ወይ? አባቷ በጣም ደክሟል። ስሟን እየጠራ ነው። ዛሬውኑ ትድረስ፣ እባክሽ እህቴ።"

"እሺ፣ አሁኑኑ እነግራታለሁ" አልኩ። ስልኩም ተዘጋ።

አልነገርኳትም።

ለምን? እናንተም እንደኔ ያደጋችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። እኛ አገር ሞተ ብሎ በስልክ የሚናገር ማን አለ? "ደክሟል" ነው የሚባለው፣ "አመም አድርጎታል"፣ "ስምሽን እየጠራ ነው፣ ድረሺ"። ለኔም አባቴ ሲሞት እንዲሁ ነው የተባልኩት፤ ወተት ይዤለት ሮጬ ስደርስ ከቀበሩት ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ስለዚህ ያቺ ሴት አፏን እንደከፈተች ሰውየው ሞተዋል ብዬ ደመደምኩ። መርዶ ደግሞ ለብቻው ላለ ሰው፣ በባዶ ሆዱ፣ ከዘመድ ርቆ አይነገርም። ትብላ፣ ትታጠብ፣ ትተኛ፤ ጠዋት እኔ ራሴ ወስጄ ለዘመዶቿ አስረክባታለሁ አልኩ። ቀብሩም ያለ ልጅ አይፈጸምም፤ ይጠብቃታል። ይህ የሐሳቤ ደግ ደጉ ነው።

ሌላውንም ልንገራችሁ። የዚያን ቀን ስምንት ሰዎች የጓደኛቸውን ልደት ሊያከብሩ ከአዲስ አበባ መጥተው ሣሩ ላይ ጋደም ብለው ነበር። ጠላቸውን ይጠጣሉ፣ ይስቃሉ። ስልኩን ዘግቼ በመስኮት አየኋቸው። አሁን ብነግራት ግቢው በዋይታ ይናወጣል፣ የነዚህ ሰዎች ዕረፍት ገደል ይገባል ብዬ አሰብኩ። የቱ ሐሳብ ቀደመ፣ ወጉ ወይስ ስምንቱ ሰዎች? እናንተ ልትጠራጠሩ ትችላላችሁ። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ መጀመሪያ ያየሁት ወደ መስኮቱ ነው።

ጌጤ ከስልኩ የሚወጣውን ሰምታ ኖሮ ቢላዋዋን አስቀመጠች። "እትዬ፣ ታመዋል አሉ እንጂ ሞተዋል አላሉም" አለችኝ። እኔም ሳቅሁባት፤ አንቺ ሰው አገር ያደግሽ፣ የሸዋን ወግ የት ታውቂዋለሽ አልኳት። እሷ ግን አልተወችኝም። "የባሌን መርዶ ሁለት ወር ደብቀውኛል። ሁለት ወር ሙሉ ራቱን አስቀምጬለት አድሬያለሁ። ይንገሯት፣ እትዬ" አለች። ወደ ሽንኩርትሽ ተመለሺ አልኳት። ቤት ንብረቷን ጥላ የመጣችን ሴት፣ ከኔ ይልቅ የሰው ሐዘን የምታውቀውን ሴት፣ ወደ ሽንኩርትሽ አልኳት።

ከዚያ ደግነቴን ጀመርኩ። የበጉን ጥብስ ምርጥ ምርጡን ለትዕግሥት አወጣሁላት፤ ማሩንም ከነሰፈፉ አቀረብኩላት። የእንፋሎት ቤቱን አሙቄ አስገባኋት። ቀጥሎም አሸኋት፤ እንደዚያ ቀን አሽቼ አላውቅም። አባት የሌላት ልጅ ጀርባ ነው የማሸው እያልኩ እንባዬ ጠብ ጠብ ይልባት ነበር፤ እሷ ቅቤው መስሏታል። ዛሬ እጅሽ ልዩ ነው አለችኝ። ከዚያ ተኛች። ስትነሣ አስራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ተኝታ እንደማታውቅ እየሳቀች ነገረችኝ።

እሁድ ጠዋት አባትሽን አመም አድርጓቸዋል፣ አብሬሽ ልሂድ አልኳት። የምናውቀውን ሾፌር ጠርቼ ነበር። ፊቷ ነጣ። ብርድ ልብሱን ጭኗ ላይ አድርጋ መኪናው ውስጥ ተቀመጠች። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁል እስክንወርድ ድረስ እጇን ይዤ ነበር። ሥራዬን በወጉ እየሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ በልቤም ትንሽ ኩራት ቢጤ እንደነበረ አልደብቃችሁም።

ድንኳኑን ስታይ ከመኪናው እንደወረደች ወደቀች። ከውስጥ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አንዲት ቀጭን ሴት እየሮጡ ወጥተው እላይዋ ላይ ተደፉ። ወይዘሮ ዘነበች ነበሩ።

"ምነው ልጄ፣ ምነው ትላንት ብትደርሺለት። እስከ አስራ አንድ ሰዓት ድረስ ዓይኑን ከበሩ ላይ አልነቀለም" አሉ።

ክው አልኩ። አስራ አንድ ሰዓት? ትላንት? ሰውየው አራት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበሩ? ከኛ ቤት ደብረ ሲና ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ምሳ ስታኝክ በሕይወት ነበሩ። እኔ ለሟች እያነባሁ ጀርባዋን ሳሽ በሕይወት ነበሩ፣ ስሟን እየጠሩ ነበር። ዓይናቸውን ሲከድኑ እሷ እኔ ባነጠፍኩት ፍራሽ ላይ ተኝታለች። ያልሞተ ሰው ገደልኩ፤ ገድዬም አለቀስኩለት። ጌጤ የሽንኩርት መክተፊያው ላይ ቆማ ያየችውን እኔ በወጌ ሁሉ ሳላየው ቀረሁ።

ትዕግሥት ቀና ብላ "ለምን አልጠራሽኝም?" አለቻቸው። ወይዘሮ ዘነበችም የጎረቤት ስልክ ለምነው እንደደወሉ፣ አንዲት ሴት አንሥታ እሺ እንዳለቻቸው ተናገሩ። ያን ጊዜ የሰዉ ዓይን ሁሉ ወደኔ ዞረ። ትዕግሥትም አየችኝ።

አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። "አዎ" ብቻ። ሰው ነኝ፣ ተሳሳትኩ ማለት ይቻል ነበር፤ ምናልባትም ይገባቸው ነበር፣ ሁሉም መርዶ ሲደብቁና ሲደበቁ የኖሩ ናቸው። እኔ ግን እንዲህ አልኩ፤ "ስልኩ ጮኾ ሊሆን ይችላል። ያነሣ ሰው ግን የለም።"

ስናገር ወይዘሮ ዘነበች ድምፄን አወቁት። ፊታቸው ላይ አየሁት። "ይቺ ናት" አሉ፣ ቀስ ብለው። ማንም አልሰማቸውም። ትዕግሥት ሆን ብለሽ ነው፣ እንዳንታረቅ ነው፣ ለይስሙላ ደውለሽ ነው እያለች ትጮህባቸው ነበር። ሴቶቹ ክንዳቸውን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቧቸው። በገዛ ባላቸው ለቅሶ ከድንኳኑ ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። ለኔ ግን ንፍሮ ቀረበልኝ፤ ልጅቷን ይዤ ስለመጣሁ ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ንፍሮውንም በላሁ።

ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም። አርባው ካለፈ በኋላ ወይዘሮ ዘነበች አንኮበር ድረስ መጡ። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ፤ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም። ባልዋ ከሞተ ጀምሮ የተናገረችውን ሁሉ ማንም የማያምናት ሴት አእምሮዋን መጠራጠር ጀምራለች አሉኝ፤ ስለ ራሳቸው ነው እንደ ሌላ ሰው የሚያወሩት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"ለነሱ ንገሪ አላልኩሽም። ለኔ ብቻ ንገሪኝ። ደውዬልሽ ነበር አይደል?"

የት እንደደወሉ እንጃ፣ እኔ ጋ አልደረሰም አልኳቸው። ዓይናቸውን እያየሁ ነው ያልኩት። የመጀመሪያውን ውሸት ድንጋጤ ነው እንበል። ይህኛውስ? ማን አስደነገጠኝ? ወፍ እንኳ ባልነበረበት ቦታ፣ አንዲት አሮጊት ደጄ ላይ ተቀምጣ ጤናዋን ስትለምነኝ ከለከልኳት። ተነሥተው ነጠላቸውን አራገፉና ሄዱ። ጌጤ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። በሳምንቱ ልብሷን ጠቅልላ ወጣች።

እነ ትዕግሥት ወይዘሮ ዘነበችን ከአባታቸው ቤት አስወጥተዋቸዋል። አሁን እዚያው ደብረ ሲና አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ መንገድ ዳር ለከባድ መኪና ሾፌሮች ቆሎ እንደሚሸጡ ሰምቻለሁ። ትዕግሥት ግን በየዓመቱ እኔ ጋ ትመጣለች። ጓደኞቿን ትልካለች። አባት ኖሮኝ የተኛሁበት የመጨረሻው አልጋ እዚህ ነው ትለኛለች፤ እኔም እሰማታለሁ፣ እሰማታለሁ፣ ጀርባዋንም አሻለሁ።

አሁን ሴት ልጅ ወልዳለች። በሚቀጥለው እሁድ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና ትነሣለች። ባለፈው ሳምንት ትዕግሥት ደውላ፣ ያን ቀን እንደ እናት ያቀፍሽኝ አንቺ ነሽ፣ ለልጄም የክርስትና እናት ሁኚልኝ አለችኝ። ወይዘሮ ዘነበችስ ይጠራሉ ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ ለምን እንደጠየቅኋት አላውቅም። እሷንማ ደጄ አላስደርሳትም አለች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ እሺ አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በራሴ የደነገጥኩትን ያህል በድንኳኑ ቀን እንኳ አልደነገጥኩም። ሕፃን ታቅፌ፣ ሰይጣን ሆይ ክጄሃለሁ ብዬ በእሷ ፈንታ ልናገር ነው። በዚህ አፌ።

ስለዚህ አስቀድሜ ለማታውቁኝ ለእናንተ ጻፍኩት። እሁድ ከቅዳሴ በፊት ይህንኑ ወረቀት ለትዕግሥት በእጇ እሰጣታለሁ፤ በሷ ፊት አፌን ካመንኩት ይዋሻል። ወግ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ሞተዋል ብዬ ነበር ብዬም አልለምናትም። ይቅር በይኝ አልላትም፤ ከሷ በፊት ይቅር ሊሉኝ ወይም ሊረግሙኝ የሚገባቸው ሴት አሉና። ልጅቷን ታቅፎ የሚቆምላት ሰው እዚያች ሰዓት ላይ ከቸገራት፣ ወይዘሮ ዘነበች ደብረ ሲና መንገድ ዳር ናቸው፤ ሄዳ ትጥራቸው።