የምን ዶክተር ነሽ?

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ኢተያ አጠገብ አንድ የስንዴ ማሳ ዳር ቆሜ ለተሰበሰቡ ገበሬዎች ስለ ፀረ-ተባይ መድኃኒት እያስረዳሁ ነበር። ሥራዬ ነው። እስከ አምና ድረስ ዩኒቨርሲቲ አስተምር ነበር፤ ዶክትሬቴንም የሠራሁት በዚሁ በፀረ-ተባይ ኬሚካል ላይ ነው። ደመወዙ አላኖር ሲለኝ ለቅቄ አንድ ኬሚካል አስመጪ ድርጅት ገባሁ... ሽያጭ ክፍል።

ሥራ አስኪያጄ ገና ስቀጠር «ዶክተር የሚለውን እንዳትተዪው። ገበሬው አንቺን ካመነ ዕቃውን ያምናል» ብሎኛል። ስለዚህ ጃኬቴ ላይ ዶ/ር ተብሎ ተጽፏል። ሾፌራችን ጋሽ ታደሰም በድምፅ ማጉያ የሚጠራኝ «ዶክተራችን» እያለ ነው።

ንግግሬን ሳልጨርስ ሁለት ሰዎች አንድ ሰው ተሸክመው ከማዶ መጡ። ሚስቱ ከኋላ ትሮጣለች። ሰውየው ከድር ይባላል፣ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ሚስቱ አሚና ክንዴን ያዘችኝ።

«ዶክተር መጥታለች ሲሉኝ ነው ያመጣሁት። እባክሽ እይልኝ።»

አየሁት። ምራቁ ይዝረበረባል፣ ላቡ ይወርዳል፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክላለች። ሸሚዙ ርሶ ጀርባው ላይ ተጣብቋል... ሽታውን ገና ሳልጠጋው ነው ያወቅኩት።

«ሲረጭ ነበር?» አልኳት።

«ከንጋት ጀምሮ። መርጫው ያፈሳል፣ ተው ብዬው ነበር።»

እዚያ ላይ የሰው ሐኪም አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ልብሱ ቶሎ ካልወለቀና ገላው ካልታጠበ መርዙ በቆዳው መግባቱን እንደማያቆም አውቃለሁ። አንዲት ኬሚካል ሻጭ ተነስታ አባወራውን በሰው ፊት ልብሱን አውልቁና እጠቡት ብትል ማን ይሰማታል? ዶክተር ስትል ግን ሰሙ። ገሚሶቹ ከበው ጋረዱት፣ ሌሎቹ እጃቸው ላይ ላስቲክ አጥልቀው በሳሙናና በውሃ አጠቡት፣ ጋቢ አልብሰው መኪናችን ውስጥ አስገቡት።

ጤና ጣቢያ ያገኘነው ተረኛ ጤና መኮንን ወጣት ነው። ምን እንደሆነ ነገርኩት። ማርከሻውን አወጣና ወደ እኔ ዞረ።

«ዶክተር፣ ስንት ስንት እያደረግኩ ልስጠው?»

ያ ኬሚካል ስንዴ ቅጠል ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ ቢጠይቀኝ ከእንቅልፌ ተቀስቅሼም እመልሳለሁ። በሰው ደም ውስጥ ግን...

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» አልኩት። «ዶክተርነቴ የትምህርት ነው።»

ለአፍታ አየኝ። አሰላ ሆስፒታል ደውሎ እየጠየቀ መርፌውን ወጋው፤ ከዚያ «ያለን ማርከሻ አይበቃውም፣ አሰላ እናድርሰው» ብሎ አብሮን ተሳፈረ። አሚና በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

መኪና ውስጥ የከድር ራስ ጭኗ ላይ ነው። ጋሽ ታደሰ ጥሩምባውን እየነፋ ይነዳል። ትንሽ እንደሄድን አሚና፣ ሳትቆጣ...

«ታዲያ የምን ዶክተር ነሽ?» አለችኝ።

«የመድኃኒቱ» አልኳት።

«የምን መድኃኒት?»

«የሚረጨው።»

ፊቷን ወደ ከድር መልሳ ግንባሩን በነጠላዋ ጠረገችለት።

የጎንዴን ከተማ እንዳለፍን ከድር መተንፈሱን አቆመ። ጤና መኮንኑ አሰላ እስክንገባ ደረቱን ሲጫን ነበር። አልተመለሰም።

ማምሻውን ሥራ አስኪያጄ ደወለ። ጋሽ ታደሰ ነግሮት ነው። «ነፍስ ይማር» አለና ቀጥሎ «የኛ ዕቃ ነው?» አለኝ።

«የኛ ነው።»

«እሺ... ለጊዜው ፌስቡክ ላይ ምንም እንዳትጽፊ።»

ይኸው ጽፌያለሁ።

ቅዳሜ ለቅሶ ሄድኩ። የከድር ወንድም ለሰዎቹ «ዶክተሯ ናት፣ እስከ መጨረሻው አልተለየችውም» ብሎ አስተዋወቀኝ። እዚያ ከነበሩት እውነቱን የምታውቀው አሚና ብቻ ናት። አላረመችውም። ፈቀቅ ብላ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስወጣ አንድ ጎረቤታቸው እስከ መኪናው ሸኘኝ። ሰው አለመኖሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዶክተር፣ የእኔም ማሳ ላይ ያው ተባይ ገብቷል። ከድር የረጨው ስንዴ ላይ ግን አንድም ሳይቀር ረግፏል። ያ መድኃኒት ከየት ነው የሚገኘው?»