በመንገዳችን መሃል ያለፈው ወሰንና ልብስ ሰፊዋ

ዛሬ ዓርብ፣ ግንቦት ስምንት ቀን ነው። ጸሐፊው እኔ በሥራዬ አናጢ ስሆን ሰፈሩ «ማኅተም» ይለኛል። ስሙን ያወጡልኝ ማኅተም የሌለበትን ወረቀት ስለማልቀበል ነው፤ አልተቀየምኩም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ዛሬ ረፋድ ላይ በምርጫ ጽሕፈት ቤት ስለ ጎረቤቴ ስለ ልብስ ሰፊዋ ቃሌን እንድሰጥ ተጠርቻለሁ። እዚያ ደርሼ አንደበቴ እንዳይተሳሰር የማውቀውን አስቀድሜ በጽሑፍ አኖራለሁ።

ልብስ ሰፊዋ ከመንገዱ ማዶ፣ ከእኔ ቤት ትይዩ ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። እናቷ እግራቸው ስለማይታዘዝላቸው ከአልጋ አይወርዱም። እሷ የስፌት መኪናዋን በረንዳ ላይ አውጥታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስታወራ፣ የሚያዳምጣት ሰው አሁን ዋጠችው ብሎ ይሳቀቃል። አግብታ ፈታለች፤ ምክንያቱን የሚጠይቃት ቢኖር «በልኬ አልተሰፋም» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ከበረንዳዋ አጠገብ የመንገዳችን ብቸኛ የቦኖ ውሃ አለ፤ ቁልፉንም የምትይዘው እሷ ነበረች። ከእሷ በፊት የወዲህና የወዲያ ሰዎች በወረፋ ምክንያት ይፈነካከቱ ነበር። እሷ ግን ሰው እንዳይሰለፍ ከለከለች። የሚሰለፈው ጀሪካን ብቻ ሆነ፤ አንዱ ከወዲህ፣ ቀጥሎ አንዱ ከወዲያ። ባለቤቶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጀሪካን አይሳደብም ትል ነበር። ሰዉም ይህችን ሴት ምክር ቤት ብናስገባት ያረጀውን ቧንቧ ታስቀይርልናለች ማለት ጀመረ። እሷም ብዙ ካንገራገረች በኋላ ለዕጩነት እቀርባለሁ አለች።

በዚህ መካከል የምርጫ ክልሎችን ወሰን እንደ አዲስ የሚያሰምሩ ሰዎች መጥተው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰቡን። ማን ከማን ጋር ኑሮው አንድ እንደሆነ፣ ማንስ ከማን ጋር ቢመደብ እንደሚሻል ንገሩን አሉ። በዚያ ሳምንት ውሃ ጠፍቶ ስለነበር ሰዉ ሆድ ብሶታል። ከእኛ ወገን ሥጋ ሻጩ ተነሥቶ፣ ከማዶዎቹ ጋር አንድ ላይ አትቁጠሩን፣ ውሃውን የሚጨርሱት እነሱ ናቸው አለ። ከማዶ ወገን ደግሞ ዳቦ ጋጋሪዋ ተነሥታ፣ ብትለያዩን ደስታችን ነው፣ ወረፋውም ያጥርልናል ብላ መለሰች። ለሁለቱም ተጨበጨበላቸው። ሰዉ ሁሉ የሚከፋፈለው ውሃ መስሎታል። ልብስ ሰፊዋ እናቷን እያጠበች ስለነበር አልመጣችም። እኔ ነበርኩ፤ ነገር ግን የምናገረው በሚጻፍበት ስብሰባ አፌን አልከፍትም። ሰዎቹ ሁሉንም ጽፈው፣ አመስግነውን ሄዱ።

አዲሱ ካርታ ሲለጠፍ ወሰኑ በመንገዳችን መሃል ያልፋል። የእኛ ወገን እሷን ከሚያውቋት ከታችኛው ሰፈር ሰዎች ጋር ቀረ። የእሷ ወገን ከአስፋልቱ ባሻገር፣ እንኳን ስሟን መልኳን ከማያውቁ ሰዎች ጋር ተደመረ። ቧንቧው ያው አንድ ነው፤ ወረፋውም አላጠረም። አሁን በምክር ቤት ያለው ተመራጫችን እጁን አስገብቶበት ይሆናል ብዬ ጠርጥሬአለሁ፤ ጥርጣሬዬንም አልተውኩም። በጆሮዬ የሰማሁት ግን የሥጋ ሻጩንና የዳቦ ጋጋሪዋን ቃል ነው።

በደንቡ መሠረት ዕጩ በሚወዳደርበት ክልል ውስጥ መኖር አለበት። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ ጓሮ ያለችውን ክፍል ያከራዩኝ።»

«እስከ መቼ?»

«ምርጫው እስኪያልፍ። ከተመረጥኩ እቆያለሁ፤ ካልሆነ ወደ ቤቴ ነኝ።»

ለጥቂት ጊዜ ብለው ገብተው ባለቤት ሆነው የቀሩ ሰዎች እንዳሉ ነገርኳት። ውልና ምስክር እንደምፈልግም አልደበቅኋትም።

«እርስዎ እኮ ሬሳ ሣጥን ሲያዝዙዎት እንኳ ሟቹ ለመሞቱ ማኅተም ሳይጠይቁ አይቀሩም» አለችኝ።

አብሮኝ የሚሠራው አናጢ እስኪያስለው ሳቀ። ውሉ ግን ተጻፈ፤ ማኅተምም ተደረገበት። ጣውላዬን አውጥቼ ክፍሉን ለቀቅኩላት፤ እሷም ተመዘገበች።

ብዙም ሳይቆይ ልብስ ሰፊዋ ፍራሽ አኖረች እንጂ እዚያ አትኖርም የሚል አቤቱታ ቀረበ። ይህ እውነት ሆኖ ከተገኘ ከዕጩነት ትሰረዛለች። ጽሕፈት ቤቱም የክፍሉ ባለቤት ነህና ዓርብ ቀርበህ አስረዳ አለኝ። እኔ ደግሞ ያላየሁትን አልመሰክርም። ሰኞ ማለዳ ክፍሉን አንኳኳሁ፤ መልስ አጣሁ። ውሉ ስለሚፈቅድልኝ በራሴ ቁልፍ ከፈትኩ። ብርድ ልብሱ ከሱቅ እንደወጣ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ትራሱን ከሥራ ቤቴ የገባ የመጋዝ ብናኝ አልብሶታል። መንገዱን ተሻግሬ በረንዳዋ ላይ አንሶላ ስትጨምቅ አገኘኋት።

«እዚያ አላደርሽም» አልኳት።

«አላደርኩም። እማዬ ሌሊት ስትጣራ ከዚያ አይሰማኝም።»

«ዓርብ ሲጠይቁኝ ያየሁትን ነው የምናገረው።»

መጭመቋን ተወች። «ያዩትን ይናገሩ። ብቻ ዓርብ ማለዳ አንዴ ደግመው ይዩልኝ።»

እናቷ ባላቸው ከሠራው ቤት በሕይወቴ አልወጣም ብለው ምለው ነበር። በምን እንዳግባባቻቸው አላውቅም፤ መግባባታቸውንም እጠራጠራለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሥጋ ሻጩና የእኔ ባልደረባ አልጋውን ከነሴትዮዋ ተሸክመው ሲያሻግሩ አየሁ። ሥጋ ሻጩ፣ እማማ፣ ከበሬ ይከብዳሉ ብሎ ሊያስቃቸው ሞከረ፤ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑበት። የማዶ ሰዎች በየበራቸው ቆመው ያያሉ። ዳቦ ጋጋሪዋ ወደ ልብስ ሰፊዋ ተጠግታ እጇን ዘረጋች።

«ለእነሱ ከሆንሽ የውሃውን ቁልፍ ትተሽልን ሂጂ።»

ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻት። ክርክር አልነበረም፤ እኔ ይከራከራሉ ብዬ ነበር።

ዛሬ ማለዳ እንደተባባልነው ክፍሉን አንኳኳሁ። ልብስ ሰፊዋ ከፈተችልኝ፤ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ እንዳደረች ጉንጯ ላይ የቀረው የአንሶላ ሰንበር ያሳያል። እናቷ አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞረዋል፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ድምፄን ሲሰሙ ተጣሩ።

«አንተ ልጄ፣ ቤቴ በየት በኩል ነው?»

በእጄ አመለከትኳቸው። በክንዳቸው ተደግፈው ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። ልብስ ሰፊዋ መጥረጊያ አንሥታ ብናኙን ትጠርግ ጀመር።

እኔም የቀድሞ ቤቷን ሳላይ አልመሰክርም ብዬ ወጥቼ መንገዱን ተሻገርኩ። የቤታቸው በር በውጭ በኩል ተቆልፏል፤ ቁልፉን ጎተትኩት፣ አልተከፈተም። በመስኮቱ ስንጥቅ አየሁ። ምድጃው በርዷል፤ አልጋው የነበረበት ወለል ባዶ ነው። በቤቱ ውስጥ ማንም አይኖርም።