ፉከራ መሀል የጠፋው ድምፄ

"ውሸቱን ነው፣ ግጥም ጠፍቶበት ነው ዝም ያለው" ትላላችሁ አሉ። እኔ ነስሩ ግጥም ሊጠፋኝ? ወልቂጤ ውስጥ እንደኔ የሚፎክር ማን አለ? የጠፋው ድምፄ ነው። ግጥሙማ ደረቴ ውስጥ ተገትሮ ነበር።

የጎረቤታችን ሠርግ ላይ ነው የጀመረኝ። ሠርግ ያለው ሁሉ እኔን ይጠራል፣ ገዳይ ነኛ። አባቴ ነጭ ለባሽ፣ ሲጠሩት ጠመንጃውን ይዞ የሚዘምት ባላገር ነበር፤ ወደ ቆላ ዝመት ሲባል ታሞ ስለተኛ ጠመንጃውን ይዤ በሱ ፈንታ ሄድኩ። ጢም እንኳ አልነበረኝም። ጓደኛዬ ሸምሱም ካልሄድኩ ብሎ ተከተለኝ። እሱ እዚያው ቀረ። እኔ ገድዬ ተመለስኩና አገር ቅቤ ቀባኝ።

የዚያን ቀን ፎክሬ ፎክሬ፣ ቆላ የገደልኩትን ልጅ የጣልኩበት ላይ ደረስኩ። ጉሮሮዬ ተዘጋ። አየር ይገባል። ድምፅ አይወጣም። ልጁ ታየኝ። ጠመንጃው ከቁመቱ ይረዝም ነበር። የኔም።

ሙሽራው "ነስሩ ዝም ሲል እንዴት ያምርበታል" ብሎ ሰዉን አሳቀ። እየቆየ ሲሄድ ግን የሚስቅ ጠፋ። ቶንሲል ነው ብለው ፔኒሲሊን ወጉኝ፣ ምንም። እናቴ እምድብር ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጉሮሮዬን በመስታወት አየና "ላሪንክስህ፣ የድምፅ ሳጥንህ፣ ጤነኛ ነው" አለኝ። ላሪንክስ እናንተም አላችሁ፤ የኔ ግን በሐኪም የታየ ነው። ቀጥሎ ያለው አላሳቀኝም።

"ለዚህ መርፌ የለኝም። ያነቀህን ነገር አውጣው።"

በምን ላውጣው? ድምፅ የለኝ።

እናቴ ግን ያነቀኝ ማን እንደሆነ ገብቷታል። ሽማግሌዎች ዘንድ ሄዳ፣ ሰው እንደገደለ ሰው አስታርቁልኝ ብላ ለመነች። እነሱም የጦርነት ደም እርቅ የለውም፣ የሟች አባት በሌለበት ከማን ጋር እናስታርቀው አሉ። የሸምሱ አባት፣ አባባ ሙዘይን፣ ከሽማግሌዎቹ መሀል ተነሡ። ፊት ለፊቴ መጥተው ተቀመጡ።

"አባቱ እኔ ነኝ" አሉ፣ በሌለው አባት ቦታ ሆነው።

በእርቅ ላይ ገዳይ የሟቹን ስም ይጠራል።

"የልጄ ስም ማነው?"

አፌን ከፈትኩ።

"አላውቀውም።"

ድምፄ ነው። ሻካራ። ግን የኔ።

አባባ ሙዘይን አለቀሱ። "እንግዲያው ሸምሱ በለው" አሉኝ። አልኩት። ይቅር አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ እንዳዘዘኝ ለብ ያለ ውሃ እየጠጣሁ፣ ጠዋት ጠዋት የአባባ ሙዘይንን ጨው አህያ ላይ እየጫንኩ፣ ሰው ፊት ሲያፍር የነበረው ድምፄ አህያዋን ስሰድብ ስሰድብ ቀስ በቀስ ተከፈተ፣ እንቅልፌም ተመለሰ፣ ምግቡም ጣመኝ፤ አሁን ከወልቂጤ ብጮህ ቡታጅራ ይሰማል።

ለእናቴም፣ ለሐኪሙም፣ ለአባባም አላህ ይስጥልኝ። እናንተም በልጅነታችሁ ጠመንጃ የያዛችሁ፣ ፎክሩ ሲሏችሁ እምቢ በሉ። ብቻችሁንም ታፍናችሁ አትቀመጡ፤ ሐኪምም ሽማግሌም ጋ ሂዱ።

አሁንም ዋሸ የሚል ካለ፣ አባባ ሙዘይን ወልቂጤ ገበያ ጨው ይሸጣሉ። መጀመሪያ ጨው ግዟቸው። ከዚያ ስንት ልጅ ነበረዎት በሏቸው። "ሁለቱን ጦርነት በላብኝ፣ አንዱ ለፍላፊ ቀረልኝ" ይሏችኋል። ሂዱ፣ ጠይቁ።