ከታች የሚጮኽ ሰው

እኔ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልችልም። ባቡር ትንሽ ከዘገየ ጣቢያውን ከዳር እስከ ዳር እመላለስበታለሁ፤ ባለቤቴ «እግርህ ውስጥ ምን ገባ?» ትለኛለች። ዛፍ ላይ እየወጡ መቁረጥን ሥራዬ ብዬ የያዝኩትም ለዚሁ ይመስለኛል። እዚያ ላይ ማንም ወረፋ አያስይዝም።

ኦይሮፓፊርቴል የሚባለው የከተማችን አዲስ ሰፈር ገና ክሬንና አቧራ ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ አለቃችን እኔንና አብሮኝ የሚሠራውን ያገሬን ልጅ ኮርስ ላከን። ሁለታችንም ለዓመታት ዛፍ ላይ የኖርን ነን፤ ኮርሱም ለጀማሪ አልነበረም። በሕንፃዎች መሃል በታፈነ ግቢ ውስጥ ያለ ዛፍ ተቆርጦ ዝም ብሎ አይጣልም። እያንዳንዱ ቁራጭ በገመድ ታስሮ ቀስ ተብሎ ይወርዳል። ሪጊንግ ይሉታል። አለቃችን «ካላለፋችሁ ቅጠል ትጠርጋላችሁ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አሠልጣኛችን ድምፅዋ የሻከረ፣ አጭር ጀርመናዊት ነበረች። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንዱ ላይ ሆኖ ይቆርጣል፤ ሌላው ታች ሆኖ፣ ግንዱ ሥር በታሰረ የብረት ፍሬን ላይ የተጠመጠመውን ገመድ እየለቀቀ ቁራጩን ያወርዳል። ላይ ያለው ሰው ከሥሩና ከኋላው የሚሆነውን አያይም። ስለዚህ «ፌርቲግ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ታች ያለው መዘጋጀቱን ሲነግረው ብቻ ይቆርጣል። ታች ያለው «ሽቶፕ!» ካለ ደግሞ፣ ላይ ያለው ማንም ይሁን ማን፣ መጋዙ ይቆማል።

ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። ያ ልጅ፣ ልጅ እለዋለሁ እንጂ እሱም የልጆች አባት ነው፣ በዕድሜ በጣም እበልጠዋለሁ። ኡንተርሊደርባህ በሚባል ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ የሚሰበሰበው ጉባኤያችን ውስጥ ካሉት መሪዎች አንዱ ነኝ፤ ሲያገባም ከመረቁት መካከል ነበርኩ። ከመኪና ስወርድ ዞሮ በር የሚከፍትልኝ ሰው ነው። እንግዲህ እሱ በእኔ ላይ ሊጮኽ?

በመጀመሪያው ቀን ላይ ወጥቼ «ፌርቲግ?» አልኩ። «እሺ ጋሼ» አለ። ቆረጥኩ። ገመዱ ፍሬኑ ላይ ተደራርቦ ነበርና አልለቅ አለ። ቁራጩ ድንገት ሲንጠለጠል ዛፉ እንዳለ ተናወጠ፣ እኔም አብሬ። ጥርሴ ተፋጨ። ወርጄ ፊቱ ቆምኩ።

«መደራረቡን አላየህም?»

«አይቻለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«ሊቆርጡ ተዘጋጅተው ነበር። ላስቸግርዎት?»

አሠልጣኟ ምን እንዳለ ጠየቀችኝና ተረጎምኩላት። እሷም «አንተን ማስቆም ካልቻለ ሁለታችሁንም አላሳልፍም» አለች።

ከዚያ በኋላ በየእረፍቱ ፊት ለፊቴ እያቆመች ታስጮኸው ጀመር። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ በሽተኛ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው በለሆሳስ «ሽቶፕ» ይላል። ሌሎቹ ሰልጣኞች ይስቃሉ። እኔ ዛፉን እዞራለሁ። ተናድጄበታለሁ፤ ከንዴቱ ግን ፍርሃቱ ይበልጥ ነበር። የዚህ ልጅ አክብሮት ሊገድለኝ ነው። ለባለቤቴ ስነግራት «ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» አለች። እራቴን ቆሜ በላሁ።

ፈተናችን፣ ፕሩፉንጉ፣ ኦስትኤንድ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ የመኖሪያ ቤቶች ግቢ ላይ ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ነፋሱ ግንዱን ያወዛውዘዋል። የመጨረሻዋ ቁራጭ ስትቀር ቶሎ ጨርሼ ለመውረድ ተጣደፍኩ። አሰርኳት። የሞተር መጋዙ እጄ ላይ ያንጎራጉራል። «ፌርቲግ?» ብዬ መጋዙን ወደ ግንዱ አስጠጋሁ።

«ሽቶፕ! ሽቶፕ እኮ ነው የምልዎት! አይሰሙም እንዴ፣ ሰውዬ!»

የግቢው መስኮቶች ተከፈቱ። ደሜ ፈላ። በሰው ፊት እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ የለም። መጋዙን አጥፍቼ የሚገባውን ልነግረው ዞር ስል እግሬ አልዞር አለኝ። የሚያወርደው ገመድ በቀኝ ጭኔ ላይ ዞሮ ነበር። ቆርጬ ቢሆን ኖሮ ገመዱ በቁራጩ ክብደት ተወጥሮ እግሬን ከግንዱ ጋር ይጨፈልቀው ነበር። እግሬን አወጣሁ። ከዚያ ግንዱን አቅፌ ትንሽ ቆየሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የትም መሄድ አላሰኘኝም።

አለፍን። እሱ ግን ገመዱን ሲጠቀልል ቀና ብሎ አላየኝም፤ ስንመለስም ባቡሩ ላይ ሌላ ፉርጎ ገባ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሻይ በወረቀት ኩባያ ይዤ ስንጎራደድ፣ ሁለት አዛውንቶች ወደ ጥግ ወሰዱኝና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጁ በሩ አጠገብ አቀርቅሮ ቆሟል። ሽማግሌ ልኮብኛል!

«በሰው ፊት ጮኾብሃል፣ ሰውዬም ብሎሃል። አጥፍቷል። እግርህ ላይ ልውደቅ እያለ ነው። ይቅር በለው።»

ስለ እግሬ ሲያነሡ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

«ይቅር አልልም» አልኩ።

አዛውንቶቹ ደነገጡ። አንደኛው «ወንድሜ፣ አሁን እኮ ነው ከጸሎት የተነሣነው» አሉኝ።

«ይቅር ብዬው ነገ ዝም ቢለኝስ? ልጆቼን እናንተ ታሳድጉልኛላችሁ?»

ኩባያዬን አስቀምጬ ወደ በሩ ሄድኩ። ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዤ አቃናሁት። «ስላዳንከኝ ነው ሽማግሌ የምትልክብኝ?» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «የላክኋቸው ስለ ጩኸቱ አይደለም ጋሼ፤ እውነቱን ለእነሱ መናገር አፍሬ ነው» አለኝ። «ገመዱ እግርዎ ላይ ሲዞር ገና ሲያስሩ ነው ያየሁት። አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። መጋዙን እስኪያስጠጉ ድረስ ዝም አልኩ።»

ያንን ዝምታ ይቅር አልኩት።