የረቡዕ ሳንዱች

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው አንድ ሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ የእረፍት ደወል እንደተደወለ ነው። ሰባተኛ ክፍል ነበርን። ወሩ ጥቅምት ስለነበር የብቸና ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ ደወሉ ሲደወል ግማሹ ክፍል የሚሮጠው ወደ ኳስ ሜዳው ሳይሆን ወደ ትምህርት ቤቱ የጀርባ አጥር ነበር። ከአጥሩ ወዲያ የአክስቴ የእታፈራሁ ሻይ ቤት አለ። የአጥሩ ቆርቆሮ አንድ ቦታ ላይ ተቀዶ የሰው ክንድ የምታሳልፍ ቀዳዳ ነበረችው። በዚያች ቀዳዳ ፍራንክ ይገባል፣ ትኩስ ሳንዱች ይወጣል።

አክስቴን «እታለም» ነው የምላት። የእታለም ሳንዱች እንደሌላው አልነበረም። ከዳቦ ቤት በጠዋት የመጣውን ሞላላ ዳቦ ለሁለት ትከፍለዋለች። እንቁላሉን ከቀይ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር መትታ ትጠብስና መሀሉ ላይ ታስተኛዋለች። ጉዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከአባቷ የቀረ የከሰል ካውያ ነበራት፤ ልብስ ከነካ ዓመታት ያለፉት፣ ሆዱ ፍም የሞላ፣ ታቹ እንደ መስታወት የሚያበራ ካውያ። ዳቦውን መጥበሻው ላይ አድርጋ በእሱ ትጫነዋለች። ችስስ ይላል። ዳቦው ይሳሳል፣ ቅርፊቱ ወርቅማ ይሆናል፣ ሽታው አጥሩን ተሻግሮ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ይደርስብናል። ስለዚህ እኛ «ሥሪልኝ» አንልም ነበር፤ «ተኩሺልኝ» ነው የምንላት። «እታፈራሁ፣ አንድ ተኩሺልኝ!» እያለ ያ ሁሉ ልጅ በቆርቆሮው ይጮኻል።

እኔ ግን ይቺንም አልልም። ዓይን አፋር ነበርኩ፤ ያውም ክፉኛ። ሰው መሀል ስሜ ሲጠራ ጆሮዬ ይግላል። ተራዬ ሲደርስ እጄን ብቻ በቀዳዳው አስገባለሁ። እታለም እጄን ታውቀዋለች፤ «መጣሽ ትርንጎ?» ትልና ሳንዱቹን መዳፌ ላይ ታስቀምጥልኛለች። ሰባተኛ ክፍል እስክደርስ በዚያች ቀዳዳ አንድ ቃል አሳልፌ አላውቅም።

ያን ሰኞ ሰሚራ አጠገቤ ቆማ ነበር። ሰሚራ አባቷ የጨርቅ ንግዳቸውን ወደ ብቸና ሲያዞሩ በዚያው ዓመት ከሞጣ የመጣች ልጅ ናት። እነሱ ቤት ሥጋ ሲሠራ እኔ አልበላም፣ እኛ ቤት ሲሠራ እሷ አትበላም፤ የእንቁላል ሳንዱች ግን የሁላችንም ስለነበር ጓደኝነታችን የተጀመረው በእሱ ነው። ከእኔ በተቃራኒ አፏ አያርፍም። የእታለምን ሳንዱች እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ ከበላች በኋላ ጣቷን ልሳ እንዲህ አለች፦

«ጥሩ ነው። ሳንዱች ግን ሞጣ ነው።»

አጥሩ ስር የነበረ ሁሉ ጮኸ። ከሁሉም አስበልጦ የጮኸው አንማው ነው። አንማው የሚኒ ሚዲያ ክበብ ኃላፊ፣ በሰልፍ ሰዓት በድምፅ ማጉያው ዜናና ቀልድ የሚያነብልን ልጅ ነበር።

«ሞጣ ማር ነው የሚያውቀው! ሳንዱች ማን አስተማረው?» አላት።

«እትዬ ዘሃራ ናቸዋ! መናኸሪያው ጀርባ! ወላሂ አንድ ጊዜ ብትቀምስ ወደ ብቸና አትመለስም።»

ልክ በዚያ ሳምንት ደግሞ ለጥያቄና መልስ ውድድር ወደ ሞጣ ልንሄድ ነበር። አንማው ይሄን እንዳስታወሰ ዓይኑ በራ። አንድ ሰው እዚያው ሄዶ ይቅመስና የትኛው እንደሚበልጥ በማግስቱ በሚኒ ሚዲያ ይነገር አለ። ማን ይቅመስ? ሰሚራ ለሞጣ ታደላለች። አንማው ለብቸና ያደላል። ዞር ዞር ብሎ አየና ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«ትርንጎ! እሷ ለማንም አታደላም፤ አትናገርማ!»

«አክስቷ ናት እኮ!» አለች ሰሚራ።

«እሺ፣ ትርንጎ ዋሽታ ታውቃለች?»

 ዋሽቼ እንደማውቅ ለመናገር መጀመሪያ ስናገር የሰማኝ ሰው መኖር ነበረበት።

«ይሁን» አለች ሰሚራ በመጨረሻ። «ግን ራሷ ትናገር። አንተ ካነበብከው ትጨምርበታለህ።»

 መቅመሱ ባልከፋ፤ በድምፅ ማጉያ፣ ያ ሁሉ ተማሪ ተሰልፎ፣ ከአጥሩ ወዲያ እታለም እየሰማችኝ! የእኛ ድምፅ ማጉያ መናኸሪያው ድረስ ነው የሚሰማው።

እታለም ክርክሩን በቀዳዳው በኩል አንድም ሳያመልጣት ሰምታው ኖሯል። ማታ ቤቷ ስሄድ ካውያውን በአመድ ስትወለውል አገኘኋት። «ሄደሽ ቅመሽ» አለችኝ ቀና ሳትል። «ከበለጠችኝ በለጠች ነው የምትዪው።» ከዚያ ካውያውን ደግማ መወልወል ጀመረች፤ አብረቅርቆ ካለቀ በኋላ እንኳ አላቆመችም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ።

የምንሄደው ለሚካኤል ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ሁላችንም «ለሚካኤል፣ ለሚካኤል» ስንል ሰነበትን። ቅጥቅጡ አውቶቡስ በጠዋት ተነሣ፤ እስከ ግንደወይን ድረስ በዘፈን ሄድን። መንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ መስኮቱ አይዘጋምና ብርዱ ፊታችንን ይገርፈናል፤ ማንም ግድ አልነበረውም። ግንደወይን ላይ ቁርስ ተባለና ስንቃችንን ፈታን። የእኔ ዳቦ መሀል ባዶ ነበር። የአንማው ስንቅ ቆሎ ነው።

«እናቴ ዛሬ ምን ነካት? እንቁላል አልጨመረችበትም» አለ አንዱ ከኋላ።

«ረቡዕ አይደል እንዴ!» አሉ ይዘውን የሚሄዱት ቲቸር ከፊት ወንበር።

 ሚካኤልን ስንቆጥር ረቡዕን ረስተነዋል። የምንቀምሰው እንቁላል፣ ቀኑ ጾም! ከመሀላችን እንቁላል ቀምሳ ልትፈርድ የምትችለው ሰሚራ ብቻ ናት።

«እንግዲህ እኔው እቀምሳለሁ» አለች ሳቋን አፍና። አንማው ቆሎውን ሊወረውርባት ምንም አልቀረውም።

ሞጣ ደረስን፤ በውድድሩም በአንድ ጥያቄ ተበልጠን ተሸነፍን። እንደዚያ አዝነን አናውቅም። ለብቸና የቀረላት ክብር የእታለም ሳንዱች ብቻ ነበር፤ እሱም በረቡዕ ተሰናክሏል። ቲቸር አውቶቡሱ እስኪነሣ ጊዜ ሰጡንና ሰሚራ እኔንና አንማውን እየጎተተች መናኸሪያው ጀርባ ወሰደችን። በሩ አረንጓዴ የተቀባ አንድ ክፍል ቤት ነው። ውስጡ ሞቅ ያለ፣ የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት፣ አግዳሚ ወንበሩ በሰው የተጨናነቀ። እትዬ ዘሃራ ምድጃው አጠገብ ቆመዋል፤ ሻሻቸውን ወደ ኋላ አስረው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው።

«እትዬ ዘሃራ! ከብቸና ዳኛ አምጥቼልዎታለሁ!» ብላ ገባች ሰሚራ።

«ዳኛው የታል?»

«ይቺው ናት። አክስቷ የብቸና ሳንዱች ሠሪ ናት።»

«ይቺ? አፍ የላትም እንዴ?»

«ለመብላት አላት» አለ አንማው፤ «ለመናገር ነው የሌላት። ግን ምን ያደርጋል እትዬ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው።»

እትዬ ዘሃራ ሳቃቸውን ለቀቁት። «እናንተ ረሳችሁት እንጂ እኔ ረቡዕን መቼ ረሳሁት!» ብለው ወደ ግድግዳው አመለከቱን። ምድጃው አጠገብ አንድ ጥቁር መጥበሻ አለ። ከዚያ ርቆ፣ ብቻውን፣ እጀታው ላይ አረንጓዴ ክር የታሰረበት ሌላ መጥበሻ ተሰቅሏል። «ያቺ የእናንተ ናት። ከገዛኋት ጀምሮ እንቁላል አልነካትም፣ ቅቤ አልነካትም። መንገደኛ ረቡዕና ዓርብ አይርበውም ያላችሁ ማን ነው?»

ክር ያለበትን መጥበሻ አወረዱ። እጃቸውን እንደገና ታጠቡ። ዘይቱ ሲግል ቀይ ሽንኩርቱን፣ ከዚያ የተቀቀለ ድንች በእጃቸው እየፈረፈሩ፣ ከዚያ ቲማቲምና ቃሪያ። ዳቦውን እዚያው መጥበሻ ጥግ ላይ በሆዱ ደፍተው አሞቁት። በመጨረሻ ከአንዲት ብልቃጥ ሰናፍጭ በማንኪያ ቀዱና የዳቦውን ውስጥ ቀቡት። እጄ ላይ ሲያስቀምጡልኝ መዳፌን አቃጠለኝ። ነከስኩ። ድንቹ ለስላሳ፣ ዳቦው ዳሩ ላይ ብቻ የሚንኮሻኮሽ፣ ከዚያ ያ ሰናፍጭ! አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ እስከ አናቴ ወጣ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ እንባዬን ሳልጠርግ ደግሜ ነከስኩ። ሰሚራም ከእኛው መጥበሻ ካልተሠራልኝ ብላ ተቀበለች። በአንድ ጉርሻ ዓይኗ ፈጠጠ።

«እትዬ! ይሄን ለምን እስከዛሬ ደበቁኝ?»

«አንቺ መቼ ከእንቁላሉ ቀና ብለሽ አየሽ!»

እትዬ ዘሃራ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። «እህስ፣ ዳኛ?»

የተቀመጠው ሁሉ አየኝ። ጆሮዬ ጋለ። አፌ ግን ሳላዘው ተከፈተ፦ «ሌላ ይኖራል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ተፈረደ!» አሉ እትዬ ዘሃራ። ሁለት ደግመው ሠሩና አንዱን ለእኔ፣ ሌላውን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። «ይሄን ለአክስትሽ። ከሞጣ ዘሃራ ልካልሻለች በያት።»

በመመለሻው መንገድ አንማው ስንቴ ቢጠይቀኝ አልመለስኩለትም። ጥቅሉን ደረቴ ላይ ይዤ እያሰብኩ ነበር። እታለም መጀመሪያ በድምፅ ማጉያው እንድትሰማው አልፈለግሁም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ፀሐይዋ ሳትሞቅ፣ እታለም ቤት ደረስኩ። ፍሙን እያራገበች ነበር። ጥቅሉን ሰጠኋትና የተላከላትን ቃል ነገርኳት። ፈታ አሸተተችው። አድሮ ቀዝቅዟል፣ ረጥቧል። መጥበሻው ላይ አደረገችውና በካውያዋ ተኮሰችው። ያ ችስስ የሚለው ድምፅ ተሰማ። ለሁለት ቆርሳ አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ። ቆመን በላን። የእሷም ዓይን እንባ አቀረረ፤ ሰናፍጩ ነው አልኩ ለራሴ።

«ረቡዕ ረቡዕ ይሄን ትሠራለች?»

«ዓርብም። ለብቻው መጥበሻ አላቸው፤ እጀታው ላይ አረንጓዴ ክር የታሰረበት።»

እታለም ካውያዋን አየችው። እሷ ረቡዕና ዓርብ ሻይና ደረቅ ዳቦ ብቻ ነበር የምትሸጠው፤ ካውያው እነዚያን ቀናት ቀዝቅዞ ይውላል። 

«እኔ ለምን አላሰብኩትም?» አለች። ከዚያ በመዳፏ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። «ሂጂ ተናገሪ። ጮክ ብለሽ። እዚህ ሆኜ ልስማሽ።»

ሰልፍ ላይ አንማው ማጉያውን ሲያቀብለኝ በሁለት እጄ ያዝኩት። ሰሚራ ከኋላዬ ቆማ በክርኗ ገፋችኝ። የመጀመሪያው ድምፄ ሲወጣ ራሴ ደነገጥሁ፤ የእኔ አልመሰለኝም። «በካውያ የተተኮሰ ሳንዱች ብቸና ብቻ ነው ያለው» አልኩ። ብቸናዎች ጮኹ። እስኪያበቁ ጠበቅሁ። «ግን ትናንት ረቡዕ ነበር። ረቡዕ ብቸና ትኩስ ሳንዱች የለም። ሞጣ አለ። ስለዚህ የሞጣው ይበልጣል።»

 ከዚያ ከአጥሩ ወዲያ የመጥበሻ ድምፅ መጣ፤ እታለም በማንኪያ ትመታዋለች፣ ቋ ቋ ቋ፣ ሠርግ ይመስል። ሰሚራ መጀመሪያ ብቻዋን ጨፈረች፤ ከዚያ ሰልፉ ሁሉ ተከተላት።

አሁን ባሕር ዳር ነው የምሠራው። ስልኬን ስከፍት የማላውቃቸው ልጆች በየካፌው ሳንዱች እየገመጡ «አንደኛ ነው!» ሲሉ አያለሁ፤ ሁሉም አንደኛ ነው፣ ሁሉም ከመንከሳቸው በፊት ተፈርዶለታል። በልቼ ስጨርስ ግን ምላሴ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ብቸና ስሄድ አጥሩ በግንብ ተተክቷል፣ ቀዳዳዋም የለችም። እታለም ግን አለች። ምድጃዋ አጠገብ ሁለት ካውያ ተቀምጧል፤ የአንዱ እጀታ ላይ አረንጓዴ ክር ታስሯል፣ ሲያረጅ ትቀይረዋለች። በረቡዕ ከደረስኩ ስስቅ ታየኛለች እንጂ ምን እንደሚያስቀኝ አትጠይቀኝም።

ያን ሐሙስ ጠዋት ደግሞ፣ አራት ሰዓት ላይ ደወሉ ሲደወል፣ ከሁሉም ቀድሜ ወደ አጥሩ ሮጥሁ። ቀዳዳዋ ጋ ደረስኩ። እጄን አላስገባሁም።

«እታለም!» አልኩ። «አንድ በእንቁላል ተኩሺልኝ!»

ከውስጥ ማንኪያው ቆመ። «ማነሽ አንቺ?» አለች እየሳቀች። «እስቲ እጅሽን አሳዪኝ!»

አላሳየኋትም። ከበፊቱ ይበልጥ ጮክ ብዬ ደግሜ ጠራኋት።